በላይኛው በር የገባው ሌባ

ሳኪዩሳ ሻንጣችንን ሊቀበል እስከ ወገቡ ባሕር ውስጥ ገባ፤ ገብቶም ሻንጣውን ሳይነካ ቆመ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት የነበረበት ሰው ያለው «ጥርሱ ተሰርቋል» ነበር። የተናገረው ለእኛ ሳይሆን ለጀልባው ካፒቴን ነው። ባለቤቴ ኬሌራ ግን ሰማች። እሷ የማይመለከታትን ነገር ለመስማት የተፈጠረ ጆሮ አላት።

እኔም በሆዴ «አለቀልን» አልኩ።

ኬሌራ በሱቫ ከተማ የወንጀል ምርመራ ኢንስፔክተር ናት። እኔ ኔማኒ ደግሞ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በተጋባን ሰሞን ልንሄደው የነበረው የጫጉላ ጉዞ መጀመሪያ በአንድ የወርቅ ቤት ዘረፋ ቀረ፣ ከዚያ በእርግዝና፣ ከዚያ በሹመት። ልጃችን ጢም ማብቀል ሲጀምር ነው እንግዲህ ኑኩሴሬን የረገጥነው። መኪና የለባት፣ ትልቅ ሆቴል የለባት፤ ጥቂት የሣር ክዳን ጎጆዎች፣ ነጭ አሸዋና የኮኮናት ዛፍ ብቻ። ፈረንጅ ከዓለም ዳርቻ እየመጣ የሚጋባባት ደሴት ናት። ከመነሳታችን በፊት የፖሊስ መታወቂያዋን ቤት መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ቁልፉም ኪሴ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ጭንቅላቷን አልቆለፍኩት።

ጎጆው እንደደረስን ሳኪዩሳን ቁጭ አድርጋ ታወጣጣው ጀመር። ሳኪዩሳ የእንግዳ ማረፊያው ኃላፊ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የሰፋ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው። በየሳምንቱ ለፈረንጅ ሙሽሮች አበባ እየጎነጎነ፣ የራሱን ሙሽራ ግን አራት ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ የኖረ ነው። የሚወዳት ቶሪካን ነው፤ የማረፊያው ወጥ ቤት የእሷ ነው። አባቷ አፔኒሳ ከኮረብታው ማዶ ያለው መንደር ሽማግሌ ሲሆን፣ በተጠየቀ ቁጥር «እናስብበት» ሲል ከርሞ በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹን ለመስማት ፈቅዶ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ በባዶ እጅ አትጠየቅም። የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይቀርባል፤ በዘይት ታሽቶ የቀላ፣ ገመድ የታሰረለት። የሳኪዩሳን ጥርስ አያቱ ለአባቱ፣ አባቱም ለእሱ ነው የተዉለት። በምንጣፍ ጠቅልሎ ቤቱ አስቀምጦት ነበር። በመጣንበት ሐሙስ ጠዋት መንደሩ በሙሉ ለዓሣ ከበባ፣ ገመድ ይዞ ዓሣ ዙሪያውን ሊከብ፣ ወደ ባሕር ሲወርድ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ሲመለስ ጥርሱ የለም።

«ቅዳሜ ካላቀረብክስ?» አለችው ኬሌራ።

«ቅዳሜ ከሰዓት ጀልባዋ ወደ ሱቫ ስትመለስ ቶሪካም አብራ ትሄዳለች» አለ። «አክስቷ እዚያ አንድ ሰው አዘጋጅታላታለች። አፔኒሳ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ አይሰጠኝም። እስካሁን የሰጠኝም በስንት መከራ ነው።»

ኬሌራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ ሻንጣውን ብቻዬን መፍታት ጀመርኩ።

*

ደሴት ላይ የገባ ሰው መጀመሪያ አለቃው ፊት ቀርቦ ያንጎና የሚባለውን፣ ተወቅጦ የሚጠጣ ሥር ያስረክባል። ራቱ ኢሲኬሊ የደሴቲቱ አለቃ ናቸው፤ ወፍራም፣ በዘንባባ ማራገቢያ ራሳቸውን የሚያራግቡ ሽማግሌ። አጎንብሰን ገባን፣ ሥሩን አስቀመጥን፣ እሳቸውም በክብር ተቀበሉ። ከዚያ የሚስቴን አገር ጠየቁ።

«ዋይሶማ» አለች።

የአለቃው ፊት ባንድ አፍታ ተለወጠ። «እኔስ ምን ሸተተኝ እያልኩ ነበር» አሉ። «የዋይሶማ ሌቦች! ዶሮዎቹን አስገቡ በሉ!»

ኬሌራም ተነሥታ ማራገቢያቸውን ከእጃቸው ላይ ወሰደችና መቀመጫዋ ላይ ተመልሳ ራሷን ማራገብ ያዘች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ዋይሶማና ኑኩሴሬ ታውቩ ናቸው፤ ጥንት አንድ መንፈስ ወለዳቸው ይባላል። ታውቩ ሲገናኝ ይሰዳደባል፣ ያማረውንም ነገር ያለ ፈቃድ ያነሣል። የተነሣበት ሰው አይቆጣም፣ አይከለክልም፤ እሱም በተራው ያነሣል። ከልጅነት ጀምሮ የሚለመድ ጨዋታ ነው። እኔ የሌላ አገር ሰው ስለሆንኩ ከዳር ሆኜ ነው የምስቀው።

ሳቁ ሲበርድ ራቱ ኢሲኬሊ ቁምነገሩን አመጡ። ጠፋ የተባለው ጥርስ የደሴቲቱን ስም እንደሚያጎድፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዳንድ ሰዎች «ሳኪዩሳ ራሱ ሸጦት ይሆናል» ማለት እንደጀመሩ ነገሯት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄ ነው። ኬሌራም መንደሩ ውስጥ ዞራ እንድትጠይቅ ፈቃድ ጠየቀች፤ ሰጧት። ማራገቢያውን ግን አልመለሰችም።

*

የሳኪዩሳ ቤት ሁለት በር አለው። የታችኛው የማንኛውም ሰው በር ነው። በጎን በኩል ያለው የላይኛው በር የሽማግሌና የአለቃ ነው፤ ሌላ ሰው አይገባበትም። ኬሌራ ሁለቱንም በርከክ ብላ መረመረች። በታችኛው በር ምንም የለም። በላይኛው በር ግን፣ ምንጣፉ ላይ፣ እርጥብ አሸዋ ደርቆ የቀረ የእግር ምልክት ነበር። አምስት ጣት በግልጽ ይታያል።

«ታዲያ ባለ እግሩ ማን ነው?» አልኳት።

«በላይኛው በር የሚገባ ሰው» አለች። «ወይ ሽማግሌ ነው፣ ወይ በር የማያውቅ።»

በር የማያውቅ ሲባል የሁሉም ሐሳብ የሄደው ወደ ፈረንጆቹ ነው። ከአውስትራሊያ የመጡ አዲስ ሙሽሮች ነበሩ፤ ብሬትና ካሪን። ረቡዕ ዕለት ሳኪዩሳ ጥርሱን ሲያሳያት ካሪን ዋጋውን ጠይቃ ነበር፤ ይህን የማያውቅ ሰው በመንደሩ አልነበረም። አርብ ማለዳ ኬሌራ ጎጆአቸው ሄዳ በትህትና ሻንጣቸውን ለማየት ጠየቀች። ካሪን ቀላች። ሻንጣው ሲከፈት ከልብሱ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ተገኘ፤ ሳኪዩሳ ፈጥኖ ፈታው። የተገኘው ከባሕሩ የተለቀመ ዛጎልና የኮራል ስባሪ ነበር። ማውጣት ክልክል መሆኑን ታውቅ ኖሮ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

ብሬትም ከዋና ተመልሶ፣ ሐሙስ ዕለት ወደ መንደሩ እንዳልገቡ ምሎ ተናገረ። ኬሌራ መሐላውን አልሰማችውም፤ እግራቸውን ነበር የምታየው። ሁለቱም የጎማ ጫማ አድርገዋል፤ ያለ እሱ ድንጋዩን አይረግጡትም። ከበባው ላይም ጫማቸውን እንዳላወለቁ ቶሪካ ነገረችን፤ እንዲያውም ልጆች ስቀውባቸው ነበር። ምንጣፉ ላይ ያለው እግር ባዶ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ኮራሉን ራሳቸው ወደ ባሕር መልሰው ጣሉት፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

*

እንግዲህ የቀረው ሽማግሌ ነው። ምንጣፍ ትሸምን የነበረች አንዲት አሮጊት ጎረቤት፣ ሐሙስ ጠዋት አፔኒሳ ከሳኪዩሳ ቤት በላይኛው በር ሲወጣ ማየቷን ስትናገር ቶሪካ የያዘችው ድስት ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። አባቷ ጥርሱን ከደበቀ ቀጠሮው ራሱ ፈረሰ ማለት ነው።

ኮረብታውን አቋርጠን ሄድን። አፔኒሳን ታሮ ከሚባለው ጎደሬ ማሳው ዳር፣ የታመመ ጉልበቱን ዘርግቶ ተቀምጦ አገኘነው። ቀጭን፣ ነገረኛ የሚመስል ሰው ነው።

«የዋይሶማዋ ሌባ መጣች» አለ ገና ከሩቅ። «ታሮዬን ቆጥሬዋለሁ።»

«ያንተን ታሮ አሳማ እንኳ አይሰርቀውም» አለች ኬሌራና አጠገቡ ተቀመጠች። ከቅርጫቱ አንድ የበሰለ ታሮ አንሥታ መብላት ያዘች፤ እሱም የፀሐይ መነጽሯን ከራሷ ላይ አንሥቶ አደረገው። በዚያ መነጽር ነው እንግዲህ ምርመራው የተካሄደው።

መሄዱን አልካደም። ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ሲወርድ ጥርሱን በዓይኑ ሊያይ ሄዷል። ለልጁ የሚቀርበው ነገር ተልካሻ መሆን አለመሆኑን ቀድሞ ማወቅ ፈልጎ ነበር። ምንጣፉን ገልጦ አየና መልሶ ሸፈነው።

«ተልካሻ ነበር?»

አፔኒሳ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አስተካከለ። ከዚያ «በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም» አለ፣ እንደተናደደ ሰው።

ኬሌራ እግሩን አየች። ከዚያ ባሕር ወርዶ እንደሆነ ጠየቀችው። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ ውኃ አይገባም፤ ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የሄደውም በደረቁ መንገድ፣ ከበባው ሳይጀመር ነው። ምንጣፉ ላይ የቀረው አሸዋ ግን ሲረገጥ እርጥብ ነበር። ስንመለስ መንገድ ላይ ጮክ ብላ አሰበች።

«ባዶ እግሩን ነው። ከባሕር ነው የመጣው፤ ስለዚህ ከበባው ላይ ነበር፣ መሐል ላይ ሾልኮ ወጥቷል። በር ግን አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ደሴቲቱ ላይ የለም።»

«ዓሣው ራሱ ወጥቶ ሰርቆት ይሆናላ» አልኳት። አልሳቀችም። ሥራ ላይ ስትሆን ቀልዴ አይደርሳትም።

*

ከሰዓቱን በሙሉ ከበባው ላይ ገመድ የያዙትን ሰዎች እየዞረች አነጋገረች። እያንዳንዱ ማን ጎኑ እንደነበረ ይናገራል፤ ጎኑ የነበረውም ያረጋግጣል። ከእያንዳንዱም ጋር ተሰዳድባ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ነገር ይዛ ትወጣለች። አመሻሹ ላይ አንዲት ዶሮ፣ አንድ ባርኔጣና ግማሽ ዘለላ ሙዝ ነበረን። በምትኩ የእኔ ሸሚዝና የእሷ ቦርሳ ሄደዋል።

መጨረሻ ላይ ፔዘሊ ጋ ደረስን። ፔዘሊ እንጨት ቀራጭ ነው፤ ለእንግዶች የሚሸጥ ኤሊና ሳህን ይሠራል። አባቱ የኑኩሴሬ ሰው ሆኖ እሱ ሱቫ እንዳደገ፣ የአባቱን መሬት ሊያይ ከሁለት ወር በፊት እንደመጣ ነገረን። ደሴቲቱም «የእኛው ልጅ» ብላ ቤት ሰጥታው ነበር። ቅዳሜ በጀልባ ሱቫ ሄዶ ዕቃውን ሸጦ ይመለሳል። ከበባው ላይ ብሬት አጠገብ እንደነበረ ተናገረ፤ ብሬትም ይህንኑ ብሎ ነበር። ብቻ ብሬት ያን ጊዜ መነጽር አጥልቆ ውኃ ውስጥ ዓሣ እያየ ስለነበር፣ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ ቢጠየቅ አያውቅም።

ኬሌራ ከኤሊዎቹ አንዱን አገላብጣ አየች። «ይሄ ኤሊ ነው ወይስ የተቀቀለ ድንች?» አለች። «ለነገሩ የኑኩሴሬ ሰው እጅ ምን ያውቃል፤ አባትህም እንዲህ ነበር አሉ፤ ታንኳ ቀርጾ ገንዳ ሆኖ ወጣለት።»

ፔዘሊ አንገቱን ደፋ። «ካስቀየምኩዎት ይቅርታ እመቤቴ» አለ። «ችሎታዬ ይሄው ነው።»

እኔ በጣም ወደድኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ስድብ ስሰማ ከርሜ የመጀመሪያውን ጨዋ ሰው ያየሁ መሰለኝ። መንገድ ላይም ይህንኑ ነገርኳት። ኬሌራ ግን ቀድማኝ ነበር የምትሄደው፤ ሙዙን እንኳ አላስታወሰችውም።

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጀልባዋ መጣች። የሽማግሌዎቹ ስብሰባ ሊጀመር ነው፤ የሚቀርብ ነገር ግን የለም። ቶሪካ ሻንጣዋን በሯ ላይ አስቀምጣለች። ሳኪዩሳ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ከሙዛችን አንዱን ልጬ ሰጠሁት።

ፔዘሊ ኤሊዎቹን በጆንያ ተሸክሞ ወደ ባሕሩ ሲወርድ ኬሌራ መንገዱ ላይ ቆመች። ሰው ሁሉ ዳርቻው ላይ ነበር።

«ጫንክ አይደል?» አለችው። «እኔም ከኑኩሴሬ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ነገር ወስጃለሁ፤ ያንተ ብቻ ቀረኝ።» እጇን ጆንያው ውስጥ ከትታ ትልቁን ኤሊ አወጣች። ከሌሎቹ ይልቅ ሆዱ ወፈር ያለ ነበር።

ፔዘሊ ኤሊውን በሁለት እጁ ያዘ። «ይሄ የተሸጠ ነው» አለ።

«ውሰጂና ሽጪልኝ በላት!» አለ አንዱ ከሰዎቹ መሐል፣ እየሳቀ። «ነጠላ ጫማዋን ንጠቃትና ስጣት!»

«የተሸጠ ነው አልኩ» አለ ፔዘሊ፤ ኤሊውን ወደ ደረቱ ሳበው። «ይልቀቁኝ። በምን ሥልጣን ነው?»

ሳቁ ቆመ። ሰው ሁሉ ነገሩን የሰማው በአንድ ጊዜ ነው።

«በፖሊስነት አይደለም፤ መታወቂያዬን ባሌ ቆልፎብኛል» አለች ኬሌራ። «በታውቩነት ነው። ትናንት አባትህን ሰደብኩት፣ አንተ ይቅርታ ጠየቅከኝ። የኑኩሴሬ ልጅ፣ ሱቫም ይደግ ጨረቃ ላይ፣ የዋይሶማ ሰው ሲሰድበው ዝም አይልም። አባቱ ከሌላው ሁሉ በፊት የሚያስተምረው ይህን ነው። በሩንም ያስተምረዋል። ቤቱ ባዶ ቢሆን እንኳ የደሴቲቱ ልጅ እግሩ ወደ ላይኛው በር አይሄድለትም። አንተ የቀረበህን በር ገባህ።»

ራቱ ኢሲኬሊ ኤሊውን ተቀብለው ገለበጡት። ሆዱ ላይ በሙጫና በእንጨት ዱቄት የተደፈነ ክብ ክዳን ነበር። ካፒቴኑ በቢላ ፈለቀቀው። ጥርሱ ከነገመዱ ወጣ። ሳኪዩሳ መጥቶ ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ተወው፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ፔዘሊ ከዚያ በኋላ አላስቸገረም። የኑኩሴሬ ልጅ አልነበረም፤ ሱቫ ውስጥ ከአንድ የኑኩሴሬ ተወላጅ ጋር ሲሠራ የሰዎቹን ስምና የዘር ሐረጉን ሰምቶ ይዞት ነበር፤ ጥርሱን የሚገዛው ሰውም አግኝቷል። መሰዳደቡን ማንም አልነገረውም፤ ማን ብሎ ይነግረዋል? ካፒቴኑ ሱቫ ወስዶ ለፖሊስ እንዲያስረክበው ተወሰነ። ራቱ ኢሲኬሊ ሌባውን ረገሙት፣ ከዚያ መንገዱ ረጅም ነው ብለው ዓሣና ታሮ አስቋጠሩለት።

*

ስብሰባው ወዲያው ተጀመረ። ሽማግሌዎቹ ጥርሱን አፔኒሳ ፊት አቅርበው የሚባለውን ሁሉ በወጉ አሉ። እኔ የተደመደመ መስሎኝ የምሳውን ሽታ ማሽተት ጀምሬ ነበር። አፔኒሳ ግን ጥርሱን አልነካውም።

«ጥርሱ መልካም ነው» አለ። «ቤቱ ነው መልካም ያልሆነው። አንድ ጥርስ መጠበቅ ያልቻለ ሰው ልጄን እንዴት ይጠብቃታል? ጀልባዋ ትጠብቃለች።»

ሳኪዩሳ ወለሉን ያያል። ቶሪካ ከሴቶቹ ጋር ከታች ተቀምጣ ከንፈሯን ነክሳለች። ያን ጊዜ ኬሌራ ከቦታዋ ተነሥታ፣ አጎንብሳ፣ ሰዉን አልፋ ቶሪካ ጋ ሄደችና እጇን ያዘች።

«አፔኒሳ» አለች፤ «ታሮህ መራራ ነው፤ ዶሮህም ያው አጥንት ነው። ከቤትህ የሚነሣ ጥሩ ነገር ስፈልግ ነበር፣ አገኘሁ። ይህቺን ልጅ ወስጃለሁ። ከወሰድኳት በኋላ ለማን እንደምሰጣት የእኔ ጉዳይ ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቶሪካን ጠየቀቻት። «ልውሰድሽ?»

«ይውሰዱኝ» አለች ቶሪካ። አባቷን እያየች ነበር የተናገረችው። «አባቴ፣ እሺ ማለት ካቃተህ ዝም በል። ዝም ካልክ ይበቃኛል።»

ታውቩን የከለከለ ሰው እስኪሞት መሳቂያ ነው። አፔኒሳ ኬሌራን አየ፣ ልጁን አየ፣ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጥርሱን አነሣው።

«የዋይሶማ ሌባ» አለ። «እኔም የምወስደው አለኝ።» በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። «ያንን ሰውዬ። የታሮ ማሳዬ አራሚ የለውም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኬሌራ ሳትከራከር ሰጠችኝ። አንድ ጊዜ እንኳ አላመነታችም።

*

የጫጉላዬን ቀሪ ቀናት እንግዲህ በኑኩሴሬ ኮረብታ ማዶ ጭቃ ውስጥ አሳለፍኩ። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አፔኒሳ ጋ አርማለሁ፣ ከሰዓት ከሚስቴ ጋር እዋኛለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከሱቫ አውቶቡስ ይሻላል። ኬሌራም ስለ ጭቃው ሳማርር ትሰማኛለች፣ ትስቅልኛለች፤ እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

አንድ ጠዋት አፔኒሳ ጉልበቱን እያሸ ዳር ተቀምጦ፣ እኔ የማርመው መስመር ጠማማ መሆኑን ሲነግረኝ ቆየ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረ። ቤቱ ከዚያ ይታያል፤ በሩ ዝግ ነበር፣ ከወጥ ቤቱም ጭስ አይወጣም።

«ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ከቶሪካ ጋር ብቻ ነበርን» አለ። «ሳኪዩሳን አልጠላውም። ጥሩ ልጅ ነው። ግን አራት ዓመት ሙሉ እሺ ልል አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚወጣው ሌላ ነገር ነው።»

ማረሜን አቆምኩ።

«እኔ ልሰጣት አልችልም ነበር፣ ኔማኒ» አለ። «የሚወስድብኝ ሰው ነበር የሚያስፈልገኝ።»